ያኮረፈ ቀንድ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ «ሙሄ» ብሎ በስሙ ብቻ የጠራው ሰው እንግዳ መሆኑ ወዲያው ይታወቅ ነበር። አገሬው የሚለው «ሙሄ ቀንዴ» ነው። ሥራው ከቀንድ ጋር ስለሆነ ነው ስሙም የተከተለው። የበሬ ቀንድ ይቀቅላል፣ በፍም ያለሰልሳል፣ በሁለት እንጨት መሃል ጠፍሮ ያስራል፤ ከዚያ ዋንጫ ያወጣል፣ ማንኪያ ያወጣል፣ ሚዶ ያወጣል። ደጉ ዘመን ሳለ አፋሮቹም ጊሌ ለሚሉት ጎባጣ ጩቤያቸው እጀታ የሚያሠሩት እሱ ዘንድ ነበር። ጣሊያን መጥቶ ከመንገዱ ዳር ካምፑን ከተከለና ጊሌ ታጥቆ ገበያ መውጣት ካሳሰረ ወዲህ ግን የእጀታው ሥራ ተቋረጠና ሙሄ ከማንኪያና ከሚዶ ጋር ቀረ።

ሰውየው ሲበዛ ጠያቂ ነው። ጥያቄ የሌለበት ቦታ ቢያስቀምጡት እንኳ አንድ አያጣም። ቀብር ሄዶ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሳለ፣ የቃሬዛውን ገመድ ማን እንዳሰረውና ቋጠሮው ለምን ወደ ግራ እንደዞረ በሹክሹክታ ሲጠይቅ፣ ጎረቤቱ ቆንጥጦ ዝም ያሰኘው እሱ ነው። ክፋት የለበትም። የገባው ነገር ደስ ይለዋል፤ ያልገባው ነገር ደግሞ እንደ ጥርስ መሃል ሥጋ ሲነካካው ይውላል እንጂ አያስተኛውም።

ካልገቡት ነገሮች ሁሉ የሚብሰው ከገዛ ሙያው ውስጥ የነበረው ነው። ቀንድ ተቀቅሎ ከተቃና በኋላ፣ ረጋ ብሎ ሳይበርድ ከታሰረበት ከፈቱት ለጊዜው ምንም አይልም። ቀጥ ብሎ፣ አምሮ ይቀመጣል። ገዥውም ደስ ብሎት ይወስደዋል። ከዚያ አንድ ቀን፣ ማንም ክፉ ሳይናገረው፣ ፀሐይ ሲያገኘው ወይም ትኩስ ነገር ሲነካው ይጣመማል፤ ሲብስም ጧ ብሎ ይሰነጠቃል። አባቱ ይህንን «ቀንዱ አኮረፈ» ይሉት ነበር። ሙሄም ቃሉን ወረሰ። ለምን እንደሚያኮርፍ ግን አባቱም አልነገሩት፣ እሱም ጎልማሳ ሆኖ ጢሙ እስኪሸብት አላወቀም።

እንግዲህ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። በሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ ሸህ አብዱረሂም ሙሄን አስጠሩት።

ሸህ አብዱረሂም የመንደሩ መስጊድ ኢማም ናቸው። ሰባን የዘለሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ቀልድ የማይጠሉ ሽማግሌ። ጣሊያን በገባ ሰሞን ወታደር አርበኛ ፍለጋ መጥቶ ቤት ሲያቃጥል መስጊዱም አብሮ ነዶ ነበር፤ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ሲቀራበት፣ ሲነበብበት የኖረው በእጅ የተጻፈው ቁርኣንም አመድ ሆነ። ጣራው ተመልሶ ተሠራ። ቁርኣኑ ግን በምን ይመለሳል? ሸሁ በቃላቸው ቢያውቁትም አንድ ፊደል እንዳይዛነፍ ፈርተው ማጀቴ ድረስ በበቅሎ ሄደው ከዚያ መስጊድ አንድ ቁርኣን ተዋሱ፤ ለረመዳን ሊመልሱም ቃል ገቡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መስጊዱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው፣ ቀለም በጥብጠው፣ በመቃ ብዕር ይገለብጡት ጀመር። ክረምቱ አልፎ ረመዳን እየቀረበ ነበር፤ ካልጨረሱ መንደሩ ሌላ ዓመት ያለ ቁርኣን ሊቀመጥ፣ እሳቸውም ሌላ ዓመት መኖራቸውን አንድ አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ይህን ሁሉ የሚጽፉት በመነጽር ነው። አዲስ አበባ የሚነግድ ያስተማሩት አንድ የድሮ ደረሳቸው ከአረብ ሱቅ ገዝቶ ያመጣላቸው ነው። መስተዋቶቹን የያዘው ክፈፍ ቡናማ ሆኖ ቢጫ ጠቃጠቆ አለበት፤ ላየው ሰው የደህና በሬ ቀንድ ይመስላል። ችግሩ የሮቢት ሙቀት አልተስማማውም። ከሰነበተ በኋላ ክፈፉ እየተጣመመ ከፈት አለና መስተዋቱ እየወለቀ ገና ባልደረቀው ጽሑፍ ላይ ይወድቅባቸው ጀመር። አንዴ አንድ ሙሉ ገጽ ተጨማልቆ እንደገና ጽፈውታል።

ሙሄን አስቀምጠው መነጽሩን ሰጡት።

«አቃናልኝ» አሉት። «ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ንገረኝ። ይህ የምን እንስሳ ቀንድ ነው? የማንስ እርድ ነው? የአላህን ቃል እየጻፍኩ አፍንጫዬ ላይ የተቀመጠውን አለማወቄ ከብዶኛል።»

የዛሬ ሰው ይህን ሲሰማ ሊስቅ ይችላል። ዛሬ ፕላስቲክ የምንለው ነገር ያኔ ዕቃው ቢደርስ እንኳ ስሙ አልደረሰም ነበር። ያገራችን ሰው ደግሞ በእርድ ነገር ቀልድ አያውቅም። ቆላው ላይ እስላሙና ክርስቲያኑ አብሮ ያርሳል፣ አብሮ ያለቅሳል፣ ይደጋገሳል፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም ወደየራሱ ቢላ ይመለሳል። ሙሄ ራሱ ለዋንጫና ለማንኪያ የሚሆነውን ቀንድ የሚገዛው አራጁን እያወቀ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ከባድ ጥያቄ ነበር፤ ሙሄ ግን ሲሰማው ደስ አለው። ቀንድ አውቃለሁ ባይ ሆኖ ሳለ፣ የማያውቀው ቀንድ እጁ ገባለት።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ሩቂያ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ወሬው ቀድሞት ደርሷል። የማን እርድ እንደሆነ ሳይታወቅ ከዕቃዋ ጋር እንደማይነካካ ነገረችው። እሱም አልተከራከረም፤ ከግቢው ጥግ ካለችው ቁርቁራ ዛፍ ሥር፣ ሥራ ከሚሠራባት ድንጋይ ላይ ተቀመጠና መነጽሩን ያገላብጥ ያዘ።

መጀመሪያ ወደ ፀሐይ አነሣው። ቀንድ በብርሃን ሲታይ ውስጡ እንደ ሽንኩርት የተደራረበ ነው፤ ጭረትም አለው። ይሄ ምንም የለውም። ጠቃጠቆው ላይ ላዩን የተረጨ እንጂ አብሮ ያደገ አይመስልም። ከዚያ ከውስጥ በኩል፣ ከማይታይበት፣ በቢላዋ ጫፍ ትንሽ ፋቀና ፍም ላይ ጣለው። ቀንድ ሲቃጠል የተጠበሰ ጸጉር ይሸታል፤ ይህን ያገር ሰው ሁሉ ያውቃል። ይሄኛው ሲቃጠል የሸተተው ሆምጣጤ ነው። ሙሄ አፍንጫውን አላመነም። ደግሞ ፋቀ፣ ደግሞ አሸተተ። ሩቂያን ጠራት። እሷም ብትጠየፈውም ማየት አልጠላችምና መጥታ አሸተተች።

ይህ እንስሳ ጸጉር ያልነበረው፣ ኮምጣጣ እንስሳ ነው አለችና ትስቅ ጀመር።

ሙሄ ወደ ሸሁ ተመልሶ የደረሰበትን ነገራቸው። ቀንድ እንዳልሆነ፣ አጥንትም ሰኮናም እንዳልሆነ፣ ሰው ሠራሽ ነገር እንደሚመስለው። ሸሁ ትንሽ አሰቡና፣ ነፍስ ያልነበረው ነገር እርድ አይጠየቅበትም፣ አልሐምዱሊላህ ብለው ፈቀዱት። «እንግዲያስ ቶሎ አቃናልኝ» አሉ።

እዚህ ላይ ነው ሙሄ የተሳሳተው። ቀንድ እንዳልሆነ በገዛ አፉ ተናግሮ ሲያበቃ፣ እንደ ቀንድ ያዘው። ምን ያድርግ፣ ማቃናት የሚያውቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ሁለቱን መስተዋቶች አውጥቶ በጨርቅ ጠቀለለና ክፈፉን የፈላ ውሃ ውስጥ ጣለው። ለስለስ ሲል አውጥቼ በእንጨት አስረዋለሁ ብሎ ነበር ሐሳቡ። ክፈፉ ግን እስኪለሰልስ አልጠበቀውም። ውሃው ውስጥ ራሱን ማንቀሳቀስ ጀመረ። ጆሮ ላይ የሚሰካው እግሩ ወደ ውስጥ ተጠቀለለ፣ የአፍንጫው ድልድይ አበጠ፣ ዙሪያው ኮመተረ፤ ሸረሪት እሳት ሲነካት እግሯን እንደምትሰበስበው ሆነ። ሙሄ በእንጨት ጎልጉሎ ሲያወጣው መነጽር ነው ቢሉት የሚያምን አልነበረም።

ደነገጠ። እንዲያውም አፈረ ማለት ይሻላል። ሸሁ በአንድ ቃል «ቶሎ» ያሉትን ነገር እሱ ጨርሶ አጠፋው። እንደዚያም ሆኖ፣ ይህ የሙሄ ነገር ነውና፣ እፍረቱ ሳይለቀው አንድ ጥያቄ መጣበት። የተቃና ቀንድ ሲፈላ ወደ ድሮው፣ በሬው ራስ ላይ ወደነበረበት ቅርጹ ይመለሳል። ይሄ በሬ ራስ ላይ ያልበቀለ ነገር ወደ ምን ሊመለስ ፈልጎ ነው እንዲህ የተጠቀለለው?

ጥያቄውን ለጊዜው ዋጠና ሥራ ጀመረ። መስተዋቶቹ ደህና ናቸው፤ ከእውነተኛ ቀንድ ሌላ ክፈፍ እሠራለሁ አለ። ለሸሁም ጥፋቱን ተናግሮ ይህንኑ ቃል ገባ። ሸሁ የተዋሱትን ቁርኣን አዩና ረመዳን እየመጣ መሆኑን ብቻ አስታወሱት። ይህ ከቁጣ በላይ አጣደፈው። ቀንዱን ቀቀለ፣ ቀረጸ፣ በፍም አለሰለሰ፣ በእንጨት ጠፈረ፤ ቶሎ እንዲበርድለት ደግሞ ከነእስሩ ሮቢ ወንዝ ውስጥ ነከረው። በማግሥቱ መነጽሩ ሸሁ አፍንጫ ላይ ነበር። የሠፈሩ ሰው ሁሉ አደነቀ፤ ከአዲስ አበባው ይበልጣል ተባለ። ሸሁም እስከ ማታ ጻፉበት።

ቀጥሎ ባለው ቀን ከቀትሩ ዙሁር ሰላት በኋላ ፀሐይዋ እንደ ሮቢት ልማድ ስትበረታ፣ ሙሄ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሲያይ፣ የግራው ክብ ጧ አለ። ክፈፉ እንደ አፍ ተከፈተና መስተዋቱ ተፈናጥሮ የደጃፉ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ከዚያ የተለቀመው ስብርባሪ ብቻ ነው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ ሸሁ። ሙሄ ግን ያቺን ምሳሌ በጥፊ ቢለውጡለት ይመርጥ ነበር።

አሁን የቀረው አንድ መስተዋት ነው። አዲስ አበባ ሄዶ ሌላ ማምጣት እንዳይታሰብ፣ መንገዱ ፍተሻ የበዛበት ነው፤ ቢታለፍም ረመዳን ይቀድማል። ሸሁ የቀረችውን መስተዋት በግራ እጃቸው ከወረቀቱ በላይ ይዘው በቀኛቸው ለመጻፍ ሞከሩ። ግራ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ፊደሉ አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ የሚይዝላቸው የሌለ ወረቀት ደግሞ ነፋስ ያገላብጠዋል። ሙሄ ይህን አይቶ ከዚያ ቦታ ሸሸ። ምግብም ቀነሰ። ሩቂያ ብታናግረው አይመልስም።

እንደዚያ ሆኖ ሰነበተና አንድ ጧት የተጠቀለለውን ክፈፍ በኪሱ ይዞ ወደ ጣሊያኖቹ ካምፕ ሄደ። እዚያ የሚያውቀው ሰው ተፈራ ነው። ተፈራ የቀወት ገበሬ ልጅ፣ ጣሊያንኛ ለቅሞ ካሚዮን የሚጠገንበት ቦታ የሚያስተረጉም፣ ሰው የማይጠላው ጎልማሳ ነበር። ከካምፑ ሱቅ ከዚያው ከማይታወቀው ነገር የተሠራ ሚዶ ይሸጣል፤ ገበያተኛው «የጣሊያን ቀንድ» ይለዋል። ቀድሞ የወጣን ጆሮ ኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው እንደሚባለው፣ ይህ ሚዶ ከመጣ ወዲህ የሙሄን ሚዶ የሚጠይቅ ቀንሷል። ሙሄ ግን የመጣው ለመቆጣት አልነበረም።

«ጋሽ ሙሄ፣ ምን እግር ጣለዎት?» አለው ተፈራ።

ሙሄ የተጠቀለለውን አውጥቶ አሳየው፤ ይህ ነገር በምን እንደሚሠራ ጠይቅልኝ አለው። ተፈራ ለአንድ ዘይት በዘይት ለሆነ መካኒክ አስተረጎመለት። መካኒኩ ክፈፉን አይቶ ብዙ ሳቀ፤ ሲበቃው ግን በደህና አስረዳ። የአጎቱ ልጅ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሠራበት ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠራው። ነገሩን እንደ ቅቤ ያቀልጡትና ባዶ ሆዱ የሚዶ ቅርጽ ወዳለው ብረት ውስጥ በኃይል ይወጉታል። እዚህ ላይ ተፈራ ሌላ ቃል ስላጣ «ሐኪም በመርፌ እንደሚወጋው ነው» አለ። ብረቱ በጎኑ ቀዝቃዛ ውሃ ይሄድበታል፤ የቀለጠው እንደገባ ይደርቅና ከፍተው ያወጡታል።

«ምን አስቸኮላቸው?» አለ ሙሄ።

ተፈራ አስተረጎመ። መካኒኩም ትከሻውን ነቅንቆ፣ ሌላው ተራውን እየጠበቀ ነዋ፣ አለ። ሙሄ ከዚያ በኋላ የጠየቀውን ሁሉ ብጽፈው ወረቀት አይበቃም። በመጨረሻ መካኒኩ ሰለቸውና ጥርሳቸው የረገፈ ሦስት ሚዶዎች ሰጥቶ አሰናበተው።

ሙሄ ቁርቁራው ሥር ተቀምጦ ከሚዶዎቹ አንዱን አነሣ። የሚያደርገው ምንም ሐሳብ አልነበረውም፤ ቀንድ ሠሪ እጁ ሥራ ሲፈታ የሚያደርገውን ነው ያደረገው። የሚዶውን አንድ ጎን በቢላዋ ለዘብ አድርጎ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆዳውን ገፈፈ። ገፎ ድንጋዩ ላይ ሲያኖረው ሚዶው ጎብጧል። እሳት አልነካውም፣ ውሃ አልነካውም፣ እሱም አላጠፈው። ወደ ተፋቀው ጎን ደገን ብሎ ተቀምጧል። ሌላውን ሚዶ አንሥቶ ፋቀ፤ እሱም ጎበጠ። ደግሞ የጎበጠውን ገልብጦ በወዲያኛው ጎን በልኩ ፋቀው፤ ቀጥ አለ። ማንም ሳይነካው የሚጎብጥ ነገር፣ ከውስጡ የሚስበው አለ ማለት ነው።

ሮጦ ለሩቂያ አሳያት። ሩቂያ ገንፎ እያቀረበች ነበር። ሰሞኑን ቤት ውስጥ እንደ ድዳ ሆኖባት ስለሰነበተ ከጎበጠው ሚዶ ይልቅ እሱ መናገሩ ነው የገረማት። ሚዶውን አየችና እንዲህ አለችው፦

«ይህማ አንተ ነህ። ስትቆጣ ፊትህ ቶሎ ይበርዳል፤ ሰው ‘ታረቀ’ ይላል። ውስጥህ ግን ገና ነው። ላይህ ደርቆ፣ ሆድህ ሲነድ ይከርማል።»

ሙሄ አፉን ከፍቶ አያት። ከዚያ ዓይኑ ገንፎው ላይ ወደቀ። ላዩ ቆዳ ይዟል፣ ከሥሩ ግን ልብ የሚያቃጥል ነው። በቃ። ይኸው ነው። የቀለጠው ነገር ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ላዩ ወዲያው ይደርቃል። ውስጡ ኋላ ይበርዳል፤ ሲበርድ ደግሞ ሊሰበሰብ ይፈልጋል፣ የሚበርድ ነገር ሁሉ ይሰበሰባልና። ቀድሞ የደረቀው ቆዳ ግን አያላውሰውም። አንዱ ሲስብ ሌላው ሲገፋ፣ በእኩል ጉልበት ተያይዘው ስለሚቆሙ ከውጭ ላየው ሰላም ይመስላል። ቆዳውን ባንድ በኩል ሲያነሡለት ውስጡ አሸነፈና ጎበጠ። ሲያፈሉት ደግሞ ሁሉም እስሩ ተፈታና የየራሱን አደረገ። የሱም ቀንድ እንዲሁ ነው! በፍም አለስልሶ ወንዝ ውስጥ ሲነክረው ቆዳውን ብቻ ነው ያበረደው። አባቱ «አኮረፈ» ያሉት ይህንን ኖሯል። ሙሄ ከመደሰቱ የተነሣ ሳቀ፣ ሩቂያንም ትከሻዋን ይዞ ነቀነቃት። እሷም ገንፎው ሳይበርድ ብላ አለችው፤ እሱ ግን አይበላም፣ ወንዝ ወረደ።

ከሮቢ ዳር ደረቅ አሸዋ አምጥቶ በትልቅ ድስት አሞቀ። ሙቀቱ እጅ ከሚችለው ሲያልፍ፣ ውሃ ከሚያፈላው ግን ሳይደርስ፣ የቀረችውን ሚዶ ቀበረበትና ከድኖ ተወው። አሸዋው በራሱ ጊዜ እስኪበርድ አልነካውም። አውጥቶ ሲፍቃት ደገን የማለት ምልክት ብቻ አሳየች። ላይና ውስጥ አብረው ሞቀው አብረው ከበረዱ ኩርፊያ የለም።

አዲሱን የቀንድ ክፈፍ በዚህ መንገድ ሠራው። ቀርጾ፣ ከእንጨቱ ጋር አስሮ፣ በትኩስ አሸዋ ቀብሮ፣ ድስቱን በአመድ ጉድጓድ ውስጥ አኖረው። ቀንድ ወፍራም ነው፣ ግትርም ነው፤ አንድ ጊዜ አይበቃውም ብሎ ፈራ። ስለዚህ እሳቱን በየቀኑ እያሳነሰ አሸዋውን እንደገና ያሞቀው ነበር። ነገሩ ያማረ ነው፤ ግን ጊዜ ይበላል። ጊዜ ደግሞ ያለቀ ዕቃ ነበር።

መንደርተኛው ተነጫነጨ። አንድ ሰው ቆሞ ድስት ሲጠብቅ ቁርኣን ይቋረጣል ወይ አሉ። እስኪ አውጣውና እንየው፣ አልበረደም እንዴ፣ ያሉት ብዙ ናቸው። ሙሄ አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ መስጊዱ ሄዶ ሸሁን አያቸው። መስተዋቷን በእጃቸው ይዘው ከአንድ መስመር ጋር ይታገላሉ፤ ውሃ ያዘለ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ልቡ ተቆረጠ። ቤቱ ተመልሶ የድስቱን ክዳን ያዘ። አሸዋው ገና ለብ ያለ ነበር። አሁን ቢያወጣው ማታውን ሸሁ ይጽፉበታል፤ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ፀሐይ ላይ ጧ ቢል ደግሞ የመጨረሻዋ መስተዋት ሄደች። እጁን ከክዳኑ ላይ አንሥቶ ብብቱ ውስጥ ከተተው፣ እንዳያታልለው።

በዚህ መሃል የማጀቴው ሰው መጣ። አብዱረዛቅ ይባላል፤ የዚያ መስጊድ ሰዎች ቁርኣኑን እንዲያመጣ በበቅሎ ልከውት ነው። ረመዳን ሲቀርብ መንገዱ ቢዘጋስ ብለው አስቀድመው ላኩት። ደግ ሰው ነበርና እስከ ጁምዓ እቆያለሁ፣ ከዚያ በላይ ግን የላኩኝን አላስቀይምም አለ።

አሸዋው እንደ መሬቱ የበረደ ዕለት ሙሄ ክፈፉን አወጣ። ከዚያው ቀንድ የተረፈችውን ቁራጭ በቢላዋ ገፎ ድንጋይ ላይ አኖራት፤ ቀጥ ብላ ተኛች። አልጎበጠችም። የቀረችውን መስተዋት በቀኙ ክብ ገጠማት፤ የግራው ክብ ባዶውን ቀረ። ሸሁ አድርገውት ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ሙሄም ፊት ለፊታቸው ቁጢጥ አለ። ፀሐይዋ መጣች፣ በረታች፣ የሰው ጥላ እግሩ ሥር ገባ። ክፈፉ ዝም አለ። ሸሁ በአንድ ዓይን ብቻ ይጽፋሉ፤ ብዕሩ ግን ሳይቆም ይሄዳል። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። ሙሄ እህል መቅመስ የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ቢሆንም ቀኑ አልበቃም። ጁምዓ ሰግደው ሲወጡ አብዱረዛቅ በቅሎውን ጭኖ ጨርሷል። ከቁርኣኑ ያልተገለበጠው መጨረሻ ላይ ያሉት ጥቂት አጫጭር ሱራዎች ናቸው። ጥቂት ይሁኑ እንጂ የጎደለ ጎደለ ነው። ሙሄ ምን እንደሆኑ ያውቃል፤ እነዚያ ገጾች እሱ ድስት ሲጠብቅ ያለፉት ቀናት ናቸው። ከሰው ኋላ፣ ጫማ ከሚወልቅበት ቦታ ቆሞ፣ ሸሁ መጽሐፉን ስመው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ በሁለት እጃቸው ለአብዱረዛቅ ሲያስረክቡ አየ። በቅሎዋ በማጀቴ መንገድ ስትሄድ እንባው መጣ። ትንሽ ቀደም ብሎ አውጥቶት ቢሆን ኖሮ ብሎ አሰበ። ደግሞ ቢሰበርስ ኖሮ ብሎ አሰበ። የትኛውም አላጽናናውም።

ሰው ሲበተን ሸሁ በእጃቸው ጠሩት። ሄዶ ከፊታቸው ተቀመጠ። አዲስ ወረቀት ዘርግተው፣ ብዕራቸውን ቀለም ነክረው ነበር።

«ከእጅህ የዘገየብኝን ከአፍህ እቀበላለሁ» አሉት። «ቅራልኝ።»

ሙሄ የሰማውን አላመነም። ሸሁ ራሳቸው ቁርኣንን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው የሚያውቁ ሐፊዝ ናቸው፤ ከማንም መስማት አያሻቸውም። እሱ ደግሞ ልጅነቱን ከቀንድ ጋር ያሳለፈ፣ ቁርኣን በሚማሩበት ቂርኣት ቤት ብዙም ያልቆየ ሰው ነው።

«እኔ እኮ» አለ፣ «ከምሰግድባቸው አጫጭር ሱራዎች በላይ አላውቅም።»

«የቀሩኝ እነሱ ናቸው» አሉ ሸሁ።

ሙሄ እጁን በጉልበቱ ላይ አኖረ። ቢስሚላህ ብሎ ጀመረ፤ ሸሁም ከአፉ እየተቀበሉ ጻፉ። አንዷን ጨርሶ ወደ ሁለተኛዋ ሲሻገር መሃል ላይ ድምፁ ተሰበረበት። ሸሁ ብዕራቸውን ከወረቀቱ ላይ አነሡና፣ ድምፁ እስኪመለስለት ጠበቁት።